የደንበሩ አክስል

ዳምጠው ሕልሙን ያየው በጠራራ ፀሐይ ነው። «የቀን ሕልም ምን ፍቺ አለው፣ እልም ብሎ ይጠፋል» የሚል ሰው ካለ የዳምጠውን አልሰማም ማለት ነው። እኔ ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት፤ ያውም እየማለ። እንግዲህ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት። ዳምጠው የዋንዛ ሜዳ ሾፌር ነው፤ አምሳ አራት ዓመቱ ሲሆን ያለው ንብረት አንድ አሮጌ ፒካፕ ነው። ፒካፑን ጎሼ ብሎ ነው የሚጠራው፤ ድንጋይም ይሁን ጭቃ ራሱን ደፍቶ ስለሚገባ። የጎሼ ሞተር ዛሬም ጤነኛ ነው። ችግሩ አክስሉ ነው፤ ጎማውን የሚያዞረው ያ ዘንግ። ከዋንዛ ሜዳ ወደ ብርድ አምባ የሚወጣው ዳገት ላይ በዓመት ሁለቴ፣ ዘንድሮ ደግሞ ሦስቴ፣ ቀጭ ብሎበታል። ዳገቱ ሃያ ሰባት ኩርባ አለው፤ ወደ ላይ ሲወጡ አሥራ አራቱ ወደ ግራ፣ አሥራ ሦስቱ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ማንም ቁጠር ያለው የለም፤ ራሱ ነው የቆጠረው።

ብርድ አምባ ላይ ልጁ ማስተዋል አለች። እዚያ ነው የተዳረችው፤ አሁን የመጀመሪያዋን አርግዛ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይኼ ክርክር የለውም። እናቷ እታፈራሁ የገንፎውን ዱቄት አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ጓዳውን ለቅልቃ ጨርሳለች። የቀረው ልጅቱን ማምጣት ነው። አባት እያለ ሌላ ማን ያመጣል? ቅዳሜ ከሰዓት ሊሄዱ ተቆረጠ። ሐሙስ ዕለት የጎሼ የኋላ ግራ አክስል ተሰበረ።

አሁን ደንበሩ ይመጣል። ደንበሩም ሾፌር ነው፤ ፒካፑ ከጎሼ ጋር አንድ ዓይነት፣ አንድ ዘመን፣ ወደ ከተማው የገቡትም በአንድ ሳምንት። ልዩነቱ ደንበሩ አክስሉ ሁለቴ ሲሰበርበት «ሦስተኛ የለም» ብሎ ጥርሱ ያው የሆነ፣ ውፍረቱ ግን የበለጠ አክስል አስገጠመ። ይኸው ስድስት ዓመት፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ ቆሞ አያውቅም። ከባድ ጭነት ያለው ሁሉ «ደንበሩ የት አለ?» ይላል። ይኼ ዳምጠውን ያበግነዋል።

ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከሃያ አራት ዓመት በፊት ሁለቱም እታፈራሁን ለማግባት ሽማግሌ ልከዋል። የዳምጠው ሽማግሌዎች ሰኞ ደረሱ፤ የደንበሩ ረቡዕ። አባቷ «ቃሌን ሰጥቻለሁ» ብለው የረቡዕዎቹን መለሱ። ሰው ቢሆን «እሰይ፣ አገኘኋት» ብሎ ይተኛ ነበር። ዳምጠው ግን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ «ሰኞ ዝናብ ዘንቦ ቢሆንስ?» እያለ ነው የኖረው። ደንበሩ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ሰውየው ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ግን እታፈራሁን ሲያገኛት «እቴ» ይላታል። እቴ! ዳምጠው እንኳን ባሏ ሆኖ ሙሉ ስሟን ነው የሚጠራው።

እና ሐሙስ ዕለት ደንበሩ መጥቶ፣ «ዳምጠው ወንድሜ፣ ምን አስጨነቀህ? እኔ ሄጄ ማስተዋልን አመጣታለሁ» አለው።

«እኔ ሞቼ ነው?» አለ ዳምጠው።

ዓርብ ጠዋት ወደ ኡስማን ቶርኖ ሄደ። ኡስማን ብረት ቆራጭ ነው፤ አሮጌ ዕቃም ይሸጣል። ሦስት አክስል መሬት ላይ ዘረጋለት። ኡስማን ብረት በዓይን አይመርጥም፤ በጆሮ ነው። አንጠልጥሎ በመዶሻ ይመታዋል። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ዱብ ይላል። የመጀመሪያውን መታ፤ ራሱ በቶርኖ ማሽኑ የቀረጸው ነው፤ ደህና ጮኸ። «ለሜዳ ይሆናል፤ ለብርድ አምባ ግን አልምልልህም» አለ። ሁለተኛው ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ ነው፤ መታው፣ ዱብ አለ። ሦስተኛው ወፍራም ነው፤ መታው፣ ኪንንንን ብሎ መንገድ ተሻግሮ ተሰማ።

«ይኼኛው ከየት መጣ?» አለ ዳምጠው።

«ደንበሩ የገጠመው ዓይነት ነው። ተራራ ቢጫንበት አይበገርም።»

ዳምጠው ፊቱ ጠቆረ። «ቀዩን ጠቅልልልኝ።»

«ዳምጠው፣ አልሰማኸውም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ። ቀዩን።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ዳምጠውን አክስል አስዋጠው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎሼን በክሪክ አንስቶ፣ ድንጋይ አስደግፎ፣ የተሰበረውን አወጣ። ምሳውን በላ፤ በላዩ ላይ ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጣ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልነበረውም። «ለአንድ አፍታ ልረፍ» ብሎ አቮካዶው ጥላ ሥር ተጋደመ። ቀዩን አክስል ደንበሩ እንዳያየው በጃኬቱ ጠቅልሎ ተንተራሰው። ከዚያ በኋላ ያለው ሕልም ነው።

ጎሼ በሩን ከፈተና ወረደ። የጭነት ሸራውን እንደ ጋቢ ተከናንቧል። ዳምጠውን በጎማው ነካ አድርጎ፣ «ተነስ፤ ዛሬ ጋራዥ ነህ» አለው።

«እኔ ነኝ አንተን የምወስድህ» አለ ዳምጠው።

«የት ነው ደግሞ ሰው መኪና ወስዶ የሚያውቀው?» አለ ጎሼ፤ ወገቡን በገመድ አሰረና ይጎትተው ጀመር።

መንገዱ ላይ መኪናዎች በእግረኛው በኩል ጃንጥላ ይዘው ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ሰዎች መሃል አስፋልቱን በአራት እግራቸው ይሮጣሉ፤ ሁሉም ደረታቸው ላይ ታርጋ አለ። አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ጭስ በዝቶበት ጥግ ላይ ቆሞ ያስላል። አደባባዩ ላይ ፊሽካ የያዘች አህያ ትራፊክ ነበረች። ጎሼን አስቆመችው።

«የዚህ ሰው ቦሎ የት አለ?»

ጎሼ የዳምጠውን ፀጉር ገለጥ አድርጎ ግንባሩን አሳየ። አህያይቱ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ከዚያ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አስጠጋችና ራሷን ነቀነቀች።

«ከልክ በላይ ጭኗል።»

«ምንም አልጫንኩም!» አለ ዳምጠው። «ባዶዬን ነኝ!»

«ቅናት ጭነሃል፤ ሦስት ኩንታል ከምናምን። እዚህ ድረስ ይሸታል። መቼ ነው የተጫነው?»

«ከሃያ አራት ዓመት በፊት» አለ ጎሼ፤ አፍሮ መብራቱን አጠፋ። «አራግፍ ብዬ ለምኜዋለሁ፤ እምቢ አለ።»

«እንግዲያው እግሩ አይችልም» አለችና አሳለፈቻቸው። «ሳይሰበር ቶርኖ ቤት አድርሰው።»

ቶርኖ ቤቱ ያው የኡስማን ነው፤ ብቻ ኡስማን መደርደሪያ ላይ በግሪስ ተነክሮ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሚሠራው ማሽኑ ነው። ማሽኑ ሽርጥ አገልድሞ «እንኳን ደህና መጡ ጋሽ ጎሼ» ብሎ ከወገቡ ዝቅ አለ። ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰቀለው እግር ነው። የሰው እግር፤ ጥንድ ጥንድ፣ ታፋው ከነጉልበቱ።

«ለዚህ ሽማግሌ የሚሆን ጠንካራ እግር ፈልጌ ነበር» አለ ጎሼ። «ብርድ አምባ ልወጣበት ነው።»

«እኔ ሽማግሌ አይደለሁም!» አለ ዳምጠው። የሰማው የለም። ማሽኑ መዶሻ አንስቶ የዳምጠውን ግራ ጉልበት መታ። ዱብ አለ። ቀኙን መታ። እሱም ዱብ።

«ነቅዟል» አለ ማሽኑ በኀዘን። «ቅናት አጥንት ያነቅዛል፤ መጽሐፉም ይላል።»

ከዚያ ምርጫ ተጀመረ። ማሽኑ መጀመሪያ ያወረደው የእስክስታ መቺ እግር ነው። ወረደና ብቻውን ቤቱን ዞሮ ጨፈረ፤ ደስ ይላል፤ ጎሼ አንድ ጎማውን ሲያስደግፍበት ግን እንደ ቄጤማ ተጣጠፈ። ቀጥሎ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጫማውና ካልሲው ከነተኩሱ ያለ እግር አወረደ። «ይኼ የቢሮ ኃላፊ እግር ነው። ሠላሳ ዓመት ወንበር ሥር ተቀምጦ የኖረ፤ ምንም አልተነካም» አለ። መታው። ዱብ አለ። ዳምጠው ግን፣ «እሱ ይሁንልኝ! ያምራል! ያብለጨልጫል!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል» አለ ጎሼ። «ያ ጥግ ላይ ያለውስ?»

ማሽኑ በሁለት እጁ ተሸክሞ አመጣው። ወፍራም ነው፤ ፀጉራም ነው፤ ጉልበቱ ላይ የቆየ ጠባሳ አለው። በመዶሻ ሲመታው ኪንንንን አለ። መኪናዎቹ ሁሉ ከመንገድ እየሮጡ መጥተው በመስኮት አዩ። «አቤት እግር! አቤት እግር!» አሉ።

ዳምጠው ጠባሳውን ያውቀዋል። «የማን ነው?» አለ፤ እያወቀ።

«የደንበሩ ነዋ።»

«አልፈልግም! በእንብርክክ እሄዳለሁ! በሆዴ እሳባለሁ!»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለ ጎሼ። «የሚመርጠው መኪና ነው።»

ይኼኔ ከባንኮኒው ጀርባ አንዲት ሴት ብቅ አለች። እታፈራሁ ናት። የደንበሩን እግር ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ በስንዝር እየለካች ቁጥሩን ጮክ ብላ ለማሽኑ ትነግረዋለች።

«እታፈራሁ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት» አለች እሷ፤ ቀና ብላም አላየችው። «ልኩ ነው። ለልጃችን ስል ነው ዳምጠው። አንተ ዞር በል፤ ጥላህ ያሳስተኛል።»

ዳምጠው እንደምንም ገመዱን በጥርሱ በጥሶ ሮጠ። በር ብሎ የወጣው ግን ዳገቱ ሥር ነው። ጎሼ ቀድሞት ደርሷል። ዳምጠው ሲያየው ደነገጠ፤ የጎሼ ሆድ ተነፍቶ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ምን ሆንክ?»

«አርግዣለሁ» አለ ጎሼ አቀርቅሮ። «ወሬ ገብቷል። የመጀመሪያዬን የምወልደው እናቴ ቤት ነው። ተሸክመህ አውጣኝ።»

«እናትህ እኮ ፋብሪካ ናት! ባሕር ማዶ!»

«ብርድ አምባ ናት ያለችው» አለ ጎሼ፤ እንባው በመብራቱ ወረደ። «አባት እያለኝ ሌላ ማን ይውሰደኝ?»

ዳምጠው ይኼን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ ጎሼን አዘለው። ከፊቱም ከኋላውም ሰዎች መኪና እያዘሉ ይወጣሉ፤ አንዱ መምህር አውቶቡስ አዝሎ «እሹሩሩ» ይላል። ዳምጠው ኩርባዎቹን መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጉልበቱ ይንቋቋል። አሥር፣ አሥራ አንድ። ጎሼ ጀርባው ላይ እያቃሰተ፣ «ቀስ በል አባዬ» ይለዋል። አሥራ አራተኛው ኩርባ ላይ ግራ ታፋው ቀጭ አለ። ያ ድምፅ! ዓመቱን ሙሉ ሲሰማው የከረመው ያው ድምፅ፤ አሁን ግን ከገዛ ሥጋው ውስጥ መጣ። ተንበረከከ። ጎሼ ከጀርባው ተንሸራትቶ የገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ።

«ምጥ መጣብኝ!» አለ ጎሼ።

ዙሪያውን ቢያይ ሰው የለም። ከላይ ሦስት ፍየሎች ነጭ ኩታ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ወረዱ። በሥርዓት ቆሙ። ትልቁ ፍየል ጢሙን አሻሸ።

«ቁጭ በሉ» አላቸው ዳምጠው፤ እግሩ ተሰብሮም ቢሆን ሽማግሌ ቆሞ አይነጋገርም።

«አንቀመጥም። ተልከን ነው የመጣነው። ነገሩን ካልፈጸምክልን አንቀመጥም።»

«ማን ላካችሁ?»

«ደንበሩ። ከሰኞ ጀምረን ነው የምንጓዘው፤ ዝናብ ያዘንና ዛሬ ረቡዕ ደረስን። አሁን ሁለት ነገር ነው ያለህ። ወይ ጎሼን ስጠውና እሱ አዝሎ ያውጣው፤ ወይ እግሩን ተቀበልና ራስህ አውጣው።»

«አንዱንም አልፈልግም!»

«ሦስተኛ የለም» አለ ፍየሉ።

ዳምጠው ወደ ላይ አየ። ኩርባው ላይ ደንበሩ በአንድ እግሩ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሌላኛውን እግሩን እታፈራሁ እንደ ጨቅላ አቅፋ በነጠላዋ ጠቅልላዋለች። ደንበሩ አይስቅም፤ አይኮራም። ምነው ቢስቅ! ቢስቅ ዳምጠው በቀለለው። ዝም ብሎ በአንድ እግሩ ቆሟል፤ እንዳይወድቅ እታፈራሁ ትከሻውን ይዛዋለች። ጎሼ ከገደሉ አፋፍ ጮኸ፤ ድምፁ ግን የጎሼ አልነበረም፤ የማስተዋል ነው። «አባዬ! ቶሎ በል!»

የዳምጠው ዓይን እንባ ሞላ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሃያ አራት ዓመት የመጣ ሰው እዚያ ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ፣ «እግሩን!» አለ። «እግሩን ስጡኝ! ግጠሙልኝ!»

ፍየሉ ከኩታው ሥር መዶሻ አወጣና ጉልበቱን መታው።

ኪንንንን!

ዳምጠው ዓይኑን ገለጠ። አቮካዶው አለ፤ ጥላው ግን ዞሮ ፀሐይ ፊቱ ላይ ነው። ራሱ ሥር ቀዩ አክስል የለም፤ የሚስቱ ትራስ ነው ያለው። ኪንንን አለ እንደገና። ዞር ሲል ከጎሼ ሥር ሁለት እግር ወጥቷል። ወፍራም፤ ሱሪው ከጉልበት በላይ ተሰብስቧል፤ ጠባሳውም ከነቦታው አለ። እታፈራሁ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ቡሎን ታቀብላለች። ከአጥሩ ማዶ የደንበሩ ፒካፕ የኋላ ግራ ጎማው ወልቆ፣ ድንጋይ ላይ ተደግፎ፣ አንድ እግሩን እንዳጣ ሰው ዘንበል ብሎ ቆሟል።

«ነቃህ?» አለች እታፈራሁ። «ደንበሩ ባይመጣ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ቀዩን መታው፤ ዱብ አለ። የኡስማን ወፍራሙ ደግሞ ትናንት ማታውኑ ተሸጧል። ያኔ ‹በቃ› ብሎ የራሱን አውጥቶ ገጠመልህ።»

«ከራሴ ሥር ማን ወሰደው?» አለ ዳምጠው።

«ደንበሩ ነዋ። እንዳትነቃ ጭንቅላትህን በእጁ ይዞ፣ ቀስ አድርጎ። ‹ይተኛ፣ ደክሞታል› አለ።»

ደንበሩ ከመኪናው ሥር ወጣ፤ ፊቱ በግሪስ ተለቅልቋል። «ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ» አለ። «የምናመጣው ነፍሰ ጡር ነው፤ በዚያ ብረት አይሆንም።»

ዳምጠው የሚለው ብዙ ነበረው። ሃያ አራት ዓመት ያጠራቀመው። ግን ማስተዋል ትዝ አለችው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ የሰማው ድምፅም ትዝ አለው። አፉን ከፈተ፤ ጥርስ ሲነቀል እንደሚያም እያመመው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«አብሮ ይስጠን። ቡሎኖቹ መንገድ ላይ ይላላሉ፤ አብሬያችሁ ሄጄ እያጠበቅኩ እመጣለሁ። እኔ ከኋላ እጫናለሁ።»

«በሞቴ!» አለች እታፈራሁ። «ይኼን ሁሉ ደክመህ ከኋላ? ጋቢናው ለሦስት ይበቃል። መሃል እኔ እገባለሁ። ስንመለስ ለማስተዋል እንለቅላትና እኔና አንተ ከኋላ እንሆናለን።»

ዳምጠው መሪውን ያዘ። እታፈራሁ መሃል ገባች፤ ደንበሩ በቀኝ በኩል በሩን ዘጋ። ጎሼ አንዴ ሳያጉረመርም ተነሳ፤ አክስሉ ጭጭ፤ እንዲህ አምሮበት ሄዶ አያውቅም። ዳገቱ ሥር ደረሱ። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ሰው ወደ ቀኝ ይወድቃል፤ ይኼን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። አሥራ ሦስት ጊዜ ወደ ባሏ፤ አሥራ አራት ጊዜ ወደ ደንበሩ። የመጀመሪያው ኩርባ ወደ ግራ ነው። ዳምጠው መሪውን አዞረ። እታፈራሁ ተንሸራትታ ደንበሩ ትከሻ ላይ አረፈች።

«ውይ፣ ይቅርታ ደንበሩ» አለች እየሳቀች።

«ምንም አይደል፣ እቴ።»

ዳምጠው ጆሮውን አቁሞ አክስሉን አዳመጠ፤ ቀጭ እንዲል ለመነው። አላለም።

«አንድ» አለ በልቡ።